ከባህር ዳርቻ አለትና ከወንዝ አፍ ላይ አሳ ማጥመድ፦ ከታይዱ ሰዓት እስከ በረዶው ሳጥን

አሳ ማጥመድ ልጀምር ነው ሚል ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀኝ ስለ ዘንግ ነው፣ ምን ያህል ይርዘም፣ ሪሉ (ክሩ ሚጠቀለልበት) የቱ ይሻላል፣ ክሩ ስንት ኪሎ ይችል። እኔ ግን ቀድሜ ምጠይቀው ነገ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ ታውቃለህ ወይ ብዬ ነው። ሐይቅ ዳር ያጠመደ ሰው ይሄ ጥያቄ ግር ይለዋል፣ ምክንያቱም ሐይቅ ላይ ጠዋት የተቀመጣችሁበት ድንጋይ ማታም ደረቅ ነው። ባህር ላይ ግን ደርቆ ያገኛችሁት አለት ከሶስት ሰዓት በኋላ ወገብ ሚደርስ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚ ይሄ መመሪያ ሚጀምረው ከውሃው ነው፣ ወደ ዘንጉ እንመጣለን።

ሁለት ቦታ ነው ማወራው። አንዱ ክፍት ባህር ላይ ያለ አለት ነው፣ ሞገድ በቀጥታ ሚመታው። ሁለተኛው ወንዝ ከባህር ሚገናኝበት ነው፣ ጨውና ጣፋጭ (ጨው የሌለበት) ውሃ ሚቀላቀልበት፣ እኔ በቃ የወንዝ አፍ እለዋለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን አመት ሙሉ የወንዝ አፍ ላይ አሳልፉት፣ ከልቤ ነው ምላችሁ። ታይድ፣ ቋጠሮ፣ የአሳ አነካከስ፣ ሁሉንም እዛ ትማራላችሁ፣ ስህተት ብትሰሩም ብዙ ጊዜ ሚያስከፍላችሁ መንጠቆ ነው።

መጀመሪያ፦ ታይዱን አንብቡ

ታይድ ማለት በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባህሩ ሚሞላውና ሚጎድለው ነገር ነው። አብዛኛው ቦታ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚ ዛሬ ያያችሁት ሙላት ነገ ወደ 50 ደቂቃ ዘግይቶ ይመጣል። በቀን አንዴ ብቻ ሚሞላባቸው ቦታዎችም ስላሉ የምትሄዱበትን ቦታ ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ውሃውም በሀይል ይሄዳል፣ ግማሽ ጨረቃ ላይ ደሞ ልዩነቱ ይጠባል።

ብዙ ሰው ሚሸወደው ውሃው በእኩል ፍጥነት ሚሞላ እየመሰለው ነው። አይደለም። ልዩነቱን ለ12 ክፈሉት፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይሞላል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሶስተኛውና በአራተኛው ሶስት ሶስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። ልዩነቱ 3.6 ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ሚጨምረው፣ ሶስተኛው ሰዓት ላይ ግን 90 ሴንቲ ሜትር። ቀስ እያለ ነው ብላችሁ ስትዝናኑ ነው ከኋላችሁ ያለውን መንገድ ሚዘጋባችሁ። ይሄ ግምታዊ ስሌት ነው፣ ጠባብ የወንዝ አፍ ውስጥ ሊለያይ ይችላል፣ ግን ለጥንቃቄ ይበቃል።

አንድ ነገር ደሞ በተለይ ለኛ። የታይድ አፑ 06:00 ካላችሁ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ 18:00 ካላችሁ ማታ 12 ሰዓት። ከጓደኛ ጋ በስልክ ስትቀጣጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተነጋገሩ፣ የስድስት ሰዓት ስህተት ማለት ጉድለት ላይ እደርሳለሁ ብሎ ሙላት ላይ መድረስ ነው። በበጋ ሰዓት ሚቀይሩ አገሮች ላይ ደሞ አንዳንድ የታተመ ሰንጠረዥ የተጨመረውን አንድ ሰዓት ስለማያስገባ ከላይ የተጻፈውን ማስታወሻ አንብቡ።

ቀጥሎ ሞገዱን፣ እሱም ከቤት ሳትወጡ

ትንበያው ላይ የሞገድ ከፍታ 1.5 ሜትር ሲላችሁ ከዛ በላይ አይመጣም ማለት አይደለም። ቁጥሩ የትላልቆቹ ሞገዶች፣ ማለትም የላይኛው አንድ ሶስተኛ፣ አማካይ ነው። በመሀል እጥፍ ሚደርስ ነጠላ ሞገድ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚ 1.5 ሲል እናንተ 3 ሜትር ብላችሁ አንብቡት።

ከከፍታው እኩል ማየት ያለባችሁ በሁለት ሞገድ መሀል ያለውን ሰከንድ ነው። በ6 እና 7 ሰከንድ ሚመጣ ሞገድ እዛው አካባቢ ያለ ንፋስ የፈጠረው ነው፣ ይንጫጫል ግን አቅሙ ትንሽ ነው። በ14 ሰከንድ ሚመጣው ከሩቅ፣ አንዳንዴ በሺ ኪሎ ሜትሮች ከሚርቅ ማዕበል ተነስቶ የመጣ ነው፣ ከፍታው እኩል ቢሆንም ብዙ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ አለቱ ላይ በጣም ከፍ ብሎ ይወጣል። ፀሐይ ወጥቶ፣ ንፋስ ሳይኖር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባህሩ ገዳይ ሚሆነው በዚ ምክንያት ነው። የኔ የራሴ ህግ፣ ከ1 ሜትር በላይ ሆኖ ሰከንዱ ከ10 ካለፈ ወደ አለቱ አልሄድም፣ እቃዬን ይዤ የወንዝ አፍ ላይ ነኝ።

ስትደርሱ ግማሽ ሰዓት ቁሙ

ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ዘንግ ሳትፈቱ፣ 30 ደቂቃ ባህሩን እዩ። ትላልቆቹ ሞገዶች በቡድን ነው ሚመጡት፣ በመሀል ረጅም ዝምታ ይኖራል፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ያየው ዝምታውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይሄን ከራሴ ላይ ነው የተማርኩት። ሰፊ ጠፍጣፋ አለት ላይ ነበርኩ፣ ድንጋዩ ደረቅ፣ ባልዲዬ ከጎኔ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ ጠብታ አልነካኝም። ከዛ ባህሩ ድንገት ወደ ኋላ ተጎተተ፣ ከአለቱ ስር የተንጠለጠለው ቡኒ የባህር አረም ሁሉ ወጥቶ ታየ፣ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ቀጥሎ ውሃው ተነሳ፣ እንደ ድስት ነው የገነፈለው፣ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። ሲመጣ ቆሜ ቻልኩት፣ ሲመለስ ግን እግሬን ከስሬ ይዞት ሄደ፣ በደረቴ ወድቄ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ጣቶቼን ከትቼ ነው የቀረሁት። ባልዲው ጠፋ፣ መዳፌ በዛጎሉ ተላጠ። ከዛ ቀን ጀምሮ አረሙ ሲጋለጥ ካየሁ ዘንጉን ጥዬም ቢሆን ወደ ላይ ነው ምሮጠው።

ድንጋዩ ራሱም ይነግራችኋል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ሞገድ ደርሶበታል። አረንጓዴ አልጌ ካለበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ህይወት ያለው ዛጎል ተጣብቆበት ከሆነ ባህሩ በየጊዜው ሚደርስበት ቦታ ነው ማለት ነው፣ እዛ አይቆምም። ከመውረዳችሁ በፊት ደሞ ሁለት መውጫ መንገድ ለዩ፣ አንዱ በውሃ ቢዘጋ ሌላው እንዲኖር።

የአካባቢ እውቀት ሚባለው አንዱ ይሄ ነው፣ አፕ ላይ አይገኝም። እዛ ሚያጠምዱ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ጠይቁ፣ ጥያቄያችሁ ግን "አሳ የት አለ" ሳይሆን "ውሃው እስከየት ይወጣል፣ ከየት በኩል ሲመጣ ነው ሚከፋው" ይሁን። የአሳ ቦታውን ሚደብቅ ሰው እንኳ ይሄን አይደብቅም። ማንም ከሌለ ጥሩ አሳ ቦታ ሆኖ ሰው ለምን የለም ብላችሁ አስቡ።

ምትለብሱት

ላይፍ ጃኬት፣ የአለት ላይ ሲሆን ያለሱ አትውረዱ፣ ዋናተኛ ብትሆኑም። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በፈረንጆቹ 2016 በወጣ ህግ በተመረጡ አካባቢዎች ከአለት ላይ ሚያጠምድ ሰው ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታ ሆኗል፣ ከአለት ተጠርጎ ሚሞተው ሰው ስለበዛ ነው እዚ ደረጃ የደረሰው። ጫማው ሚይዝ ይሁን፣ አልጌ ያለበት አለት ላይ ከሆነ ከስሩ የብረት ጥርስ ያለው፣ የጎማ ቦት ውሃ ሞልቶ እግር ስለሚያስር አይሆንም። ልብስ ቀለል ያለ፣ ሲረጥብ ማይከብድ። ስልኩ ውሃ ማያስገባ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ኪሳችሁ ውስጥ፣ ፊሽካ ጃኬቱ ላይ ታስሮ፣ በጨለማ ከሆነ ራስ ላይ ሚታሰር ባትሪ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ቤት ላለ ሰው ደሞ የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ።

ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ

ለወንዝ አፍ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ቀጭን ዘንግ፣ መጠኑ 2500 ሚል ሪል፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሚችል ክር ይበቃል። ለአለት ከ3 እስከ 3.6 ሜትር ዘንግ፣ ከ4000 እስከ 6000 ሪል፣ 8 ወይ 10 ኪሎ ክር። የተጠለፈው ክር ቀጭንና ጠንካራ ነው ግን ድንጋይ ሲነካው ቶሎ ይበላል፣ ለጀማሪ አለት ላይ ተራው የናይለን ክር ይሻላል፣ ይለጠጣል ደሞም ይታገሳል። የካርበን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከመብረቅና ከኤሌክትሪክ መስመር ራቁ፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስተኝታችሁ ሂዱ።

የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፣ 8 ከ4 ያንሳል፣ 4 ከ1 ያንሳል፣ ከ1 በኋላ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ወደ ትልቅ ይሄዳል። ወንዝ አፍ ላይ ከ6 እስከ 1 ያለው ይሰራል፣ አለት ላይ ከ1/0 እስከ 3/0።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ዋናው ክር ላይ ቀዳዳ ያለው እርሳስ (ማስመጫ ክብደት) ታስገባላችሁ፣ እንዲንሸራተት ትተዉታላችሁ፣ ከዛ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ ሚሽከረከር ትንሽ የብረት ማገናኛ) ትቋጥራላችሁ፣ ከስዊቭሉ ወዲያ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ። አሳው ማባበያውን ሲወስድ ክሩ በእርሳሱ ውስጥ ስለሚያልፍ ክብደቱ አይሰማውም። አለት ላይ ግን እርሳሱን ከዋናው ክር በደከመ ቁራጭ ክር ለብቻው እሰሩት፣ ድንጋይ ውስጥ ሲሰነቀር እሱ ብቻ ይበጠስና አሳውም መንጠቆውም ይተርፋል።

ቋጠሮ አንድ በደንብ ከቻላችሁ ይበቃል። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቡና አንድ ስንዝር ያህል አሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ጠምጥሙ፣ ከዛ ጫፉን ቀዳዳው ጋ በተፈጠረችው ትንሿ ቀለበት አሳልፉት፣ ቀጥሎ አሁን በተፈጠረው ትልቁ ቀለበት ውስጥ መልሱት። ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፣ ደረቅ ክር እየተፋተገ ሲጠብ ይግላል ጥንካሬውንም ያጣል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ካልተቀመጡ ቆርጣችሁ ድገሙት። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ አይኔን ጨፍኜ እስክሰራው ድረስ ነው የተለማመድኩት፣ በጨለማ በቀዘቀዘ እጅ ሚጠቅመው ያ ነው።

ሪሉ ላይ ያለውን ፍሬን ከክሩ አቅም ሩብ እስከ አንድ ሶስተኛ ላይ አርጉት። 4 ኪሎ ክር ከሆነ 1 ኪሎ አካባቢ ሲሳብ መልቀቅ አለበት፣ ሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ክሩ ላይ አስራችሁ መለካት ትችላላችሁ።

ማባበያ

ምርጡ ማባበያ እዛው ውሃ ውስጥ ያለው ነው፣ ሽሪምፕ፣ ትንንሽ ሸርጣን፣ የጭቃ ትል፣ የዛጎል ስጋ። አንዳንድ ቦታ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ህጉን ቀድማችሁ እዩ። ስኩዊድ ከሆነ ቀጠን ያለ ረጅም ቁራጭ ቁረጡ፣ ሰፊውን ጫፍ ብቻ አንዴ ወይ ሁለቴ ውጉትና የቀረው እንዲወዛወዝ ልቀቁት፣ የመንጠቆው ሹል ውጭ ይታይ። መንጠቆ ላይ አንከባሎ ማጨቅ የጀማሪ ነገር ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል አሳውም ይሸሸዋል።

የወንዝ አፍ ላይ እንዴት ይጠመዳል

አሳ ምግቡን ተከትሎ ነው ሚሄደው፣ ምግቡ ደሞ ውሃውን ተከትሎ። ውሃው ሲሞላ ጭቃማው ሜዳ ይሸፈናል፣ ትንንሽ አሳና ሸርጣን እዛ ላይ ይሰራጫል፣ ትልልቁም ይከተላል። የሙላቱ የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ዳርና የማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሚበቅል ዛፍ) ስር ጋ ጣሉ። መጉደል ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ውሃ በጥቂት ትንንሽ ቦይ በኩል ነው ሚወጣው፣ ምግቡም በዛው፣ ትልቁ አሳ የቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሙላት በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሁለት ሶስት ሰዓታት የኔ ምርጥ ሰዓቶች ናቸው፣ ቦይ ፈልጉ፣ ትንሽ ከላይ በኩል ጣሉና ማባበያው በውሃው ተወስዶ አፉ ላይ እንዲደርስ አርጉ። ቦዮቹ የት የት እንዳሉ ለማወቅ አንድ ቀን ዘንግ ሳትይዙ ሙሉ ጉድለት ላይ ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ ውሃ ሲሸፍናቸው ማንም አያያቸውም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

ሌላ ጥሩ ቦታ ቡኒው ውሃና ጥርት ያለው ሚለያዩበት መስመር ነው፣ የአሸዋው ጫፍ ድንገት ሚጠልቅበት፣ የድልድይ ምሰሶ ጥላ ስር። ዝናብ ከዘነበ ጣፋጩ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማው ከስር ይቆያል፣ ስለዚ ወደ ታች አውርዱት ወይ ወደ ባህሩ ጠጋ በሉ። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ሙላቱ ከአፉ ዘግይቶ ነው ሚደርሰው፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ፣ ስለዚ ቦታችሁ ላይ የራሳችሁን ልዩነት ሁለት ሶስት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉት።

ሲነካ ትንሽ ትንሽ መታ መታ ይላል፣ ያኔ አትጎትቱ። ዘንጉ ጎበጥ ሲል ከፍ አርጉት። ክብ መንጠቆ (ሹሉ ወደ ውስጥ የዞረ) ከሆነ ጭራሽ መንጠቅ የለም፣ ዝም ብላችሁ ማጠንጠን ስትጀምሩ ራሱ ከንፈሩ ጥግ ይይዛል፣ ስለማይዋጥም መልሳችሁ ምትለቁት አሳ በህይወት ይቆያል።

ውሃ ውስጥ ስትራመዱ እግራችሁን እያነሳችሁ አትርገጡ፣ አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ፣ ጅራቱ መርዝ ያለው ጠፍጣፋ አሳ (ስቲንግሬይ) አሸዋ ውስጥ ይተኛልና ሲሰማችሁ ይሸሻል። ከወጋ ቁስሉን ሰው መቻል ሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ህመሙን ይቀንሳል፣ ከዛ ሐኪም ጋ። ደረት ወይ ሆድ ላይ ከሆነ የተሰካውን ሳትነቅሉ አምቡላንስ ጥሩ። ጭቃ ከዋጣችሁ ደሞ አትታገሉ፣ ወደ ኋላ ተጋድማችሁ ክብደታችሁን በትኑ፣ እግራችሁን በየተራ እያወዛወዛችሁ አውጡ፣ ቦቱ ከቀረ ይቅር።

አለት ላይ

ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ሞገዱ አለቱን መትቶ ነጭ አረፋ ሚሰራበት ዳር ላይ ነው አሳው ሚበላው፣ ሸርጣንና ዛጎል ስለሚነቀልለት። ተንሳፋፊ አርጋችሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ማባበያውን አንጠልጥሉና አረፋው ጫፍ ላይ ልቀቁት። ፊታችሁ ሁሌ ወደ ባህሩ ይሁን፣ መንጠቆ ስትቋጥሩም፣ ማባበያ ስትቆርጡም፣ እነዚን ሁለቱን ደሞ ምትሰሩት ወደ ላይ ወጥታችሁ ነው።

አሳው ሲደክም ክሩን አጥብቃችሁ ጠብቁ፣ ሞገድ ሲነሳ አብሮት ይነሳል፣ በዛ ሞገድ አለቱ ላይ አስቀምጡት፣ ሞገዱ ሲመለስ ክሩን ትንሽ ልቀቁለት፣ ከጎተታችሁት ይበጠሳል። እጀታው ረጅም የሆነ መረብ ካለ ጓደኛ ከደረቅ ቦታ ሆኖ ያውጣው። ለአሳ ብሎ ወደ ታች መውረድ የለም። ብዙ ሰው የተጠረገው እዛች ሶስት እርምጃ ላይ ነው፣ ክሩ ይበጠስ።

ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ

እናንተ ከሆናችሁ፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ምንም አትሞክሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ትንፋሽ ያስቆርጣል፣ ፊታችሁን ከውሃ በላይ አርጋችሁ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ተንሳፈፉ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከዛ በኋላ እጅና እግር በደንብ ሚታዘዛችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ስለዚ ጉልበታችሁን ቆጥቡ። ሰው በደመነፍስ ወደ አለቱ ነው ሚዋኘው፣ ሞገዱ ደሞ እዛው ላይ ነው ሚፈጨው። ተቃራኒውን አርጉ፣ ከአለቱ ራቁ፣ ሞገድ ማይሰበርበት ድረስ ወደ ውጭ ውጡ፣ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ ወደ ላይ፣ ፊሽካ ንፉ፣ ጠብቁ። በቅርብ አሸዋማ ዳርቻ ወይ የተጠለለ ቦታ ካለ ቀስ ብላችሁ ወደዛ።

ዳር ላይ ከሆናችሁ አትዝለሉ። መጀመሪያ ድንገተኛ ስልክ ደውሉ፣ አይናችሁ ከሰውየው ላይ አይነሳ፣ ሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ የመንሳፈፊያ ቀለበት፣ ክዳኑ የተዘጋ የበረዶ ሳጥን፣ ባዶ ጀሪካን፣ ምንም ይሁን። ረጅም ገመድ ጫፉ ላይ ባዶ ጠርሙስ ታስሮበት ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

መንጠቆ ጣት ውስጥ ከገባና ጥልቅ ካልሆነ፣ ጠንካራ ክር የመንጠቆው ጉብጠት ላይ አዙሩ፣ የመንጠቆውን ግንድ ወደ ቆዳው ተጫኑት፣ ክሩን ከቆዳው ጋ ትይዩ አርጋችሁ በአንዴ ንጠቁ። አይን አካባቢ፣ አንገት ወይ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ግን አትንኩት፣ ሐኪም ያውጣው። እኔ የመንጠቆዎቼን ሾህ (ከሹሉ ኋላ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ጥርስ) በፒንሳ ደፍጥጬ ነው ምጠቀመው፣ ከአሳም ከጣትም በቀላሉ ይወጣል።

አሳው ከወጣ በኋላ

ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ትንሹ ርዝመት ስንት እንደሆነ፣ በቀን ስንት አሳ እንደሚፈቀድ በየቦታው ይለያያል፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት፣ ሜትርም ያዙ። ምትለቁትን በእርጥብ እጅ ያዙ፣ ደረቅ እጅ ከላዩ ያለውን ሚያንሸራትት መከላከያ ይልጠዋል፣ ጭንቅላቱን ወደ ውሃው ፍሰት አርጋችሁ ራሱ እስኪወጣ ደግፉት።

ምትወስዱትን ወዲያው ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉት፣ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙ እንዲወርድ አርጉ፣ ከዛ በረዶና የባህር ውሃ የተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት፣ ውሃ የሌለበት በረዶ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ይሄ ሁሉንም ጎኑን ስለሚነካ ቶሎ ያቀዘቅዛል። እንደ ማኬሬልና ቱና ያሉት አሳዎች ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሂስታሚን ሚባል ሰው ሚመርዝ ነገር ይፈጥራሉ፣ አንዴ ከተፈጠረ ብትቀቅሉትም አይጠፋም። ሲነካ እንደ ኳስ ሚነፋው አሳ ደሞ ውስጡ ያለው መርዝ በእሳት አይከሽፍም፣ ይገድላል፣ ለድመትም አይሰጥም። ማታውቁትን አሳ ሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ አትብሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ውሃው መልሱት።